«ልቀቅ» እና «ልቀቀው»

ዲያቆን ያርጋል እሾህ ላይ የተቀመጠ ይመስል አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም። ከዳባት ገጠር ተነሥቶ ደባርቅ፣ ከየኔታ ገብረ ኪዳን ዘንድ አቋቋም ሊማር ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፁ አምሯል፣ ጆሮው ተስሏል፤ እግሩ ግን አልተገራም። አቋቋም ደግሞ እንደ ስሙ መቆምን የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ቁሙ ቀስ ብሎ፣ ሳይነቃነቁ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜው ከመቋሚያው ጋር ወዲህና ወዲያ ይላል፣ መረግዱ ላይ ከበሮው ይገባል፣ በመጨረሻ ጽፋቱ ሲመጣ ጭብጨባውም ከበሮውም ይፈጥንና ሽማግሌው ሁሉ ልጅ ይሆናል። ያርጋል ገና ከቁሙ ጽፋቱ ይናፍቀዋል። ሌላው ተክሎ ሲቆም የእሱ ተረከዝ ከምንጣፉ ይነሣል፣ ይወድቃል።

«አንተ ልጅ» አሉት አንድ ቀን የኔታ፣ መቋሚያቸውን እግሩ ላይ አሳርፈው፤ «እግርህ ውስጥ ምን ገባ? ጸሎት እኮ ነው የያዝነው፤ ገበያ አይደለም።»

«እኔም አላወቅሁት፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ ይኼ ነገር እስኪወጣልህ ድረስ መልእክት ታደርስልኛለህ።»

ደብዳቤ አስይዘው ወደ ዳባት ላኩት። ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ፣ ደብዳቤውን አድርሶ፣ መልሱን ተቀብሎ ለሠርክ ጸሎት ደረሰ። የኔታ ወረቀቱን ገልበጥ ገለጥ አድርገው አዩት። መኪና አሳፍሮት ይሆናል ብለው አለፉት እንጂ በእግሩ ነው ቢሏቸውም የሚያምኑ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ የዳባት መንገድ የያርጋል ሆነ። ነጠላውን ወገቡ ላይ ያስርና አቧራውን እያስነሣ ይሄዳል። ሰላም የሚሉት ሰዎች «ደኅና ዋልክ» ብለው ሳይጨርሱ አልፏቸው ይገኛል።

የሚሸሸውም ነገር ነበር። ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። የቀበሌው ማኅበር ዕድሜው ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ የሆነውን ወንድ ሁሉ መዝግቦ ይዟል፤ ብሔራዊ ውትድርና በዙር በዙር ይጠራል። የያርጋል ታላቅ ወንድም ገሠሠ ባለፈው ዙር ሄዶ ደብዳቤም ወሬም አልመጣም። እናታቸው ወለተ ማርያም ልጇን አልቅሳ አልቀበረችው፣ ስቃ አልተቀበለችው፤ ጥቁር ልብሷን ሣጥኗ ውስጥ አጥፋ አስቀምጣ፣ ቀን ቀን ታወጣዋለች፣ መልሳ ትከታለች። አሁን ደግሞ የታናሹ ስም ደባርቅ ላይ ተጽፏል። የኔታ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቀበሌ ድረስ ሄደው ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን «አባቴ፣ ዲያቆንነት ከእናት አገር አይበልጥም» ብሎ በትሕትና ሸኛቸው። በትሕትና የተሰጠ እምቢታ ደግሞ የሚሻርበት መንገድ የለም።

የስፖርት አስተማሪው አገኘሁ ያርጋልን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ከዳባት በሚመጣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዳገቱን ሲያያዙት ባለ ነጠላው ልጅ ከመስኮቱ ሥር አብሯቸው ይወጣል። አውቶቡሱ ያቃስታል፤ ልጁ አያቃስትም። አገኘሁ አንገቱን አውጥቶ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ና! የአውራጃው ቡድን እኔ ዘንድ ነው!» አለው።

ሰውየው የጨበጠው ነገር ቀላል አልነበረም። ከአውራጃው በዐሥር ሺህ ሜትር አንድ ሯጭ ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ይመረጣል። የተመረጠው ጎንደር ገብቶ ካምፕ ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ እንዳለ ይቈጠርና ስሙ ከቀበሌው ዝርዝር ይወጣል። አንድ ሰው ብቻ። ያርጋል ይህን ሲሰማ ልቡ ተሰቀለ፤ እስከ ግንቦትም ከተሰቀለበት አልወረደም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን መሣቂያ ሆነ። አገኘሁ ፊሽካውን ነፍቶ «ተሟሟቁ!» አለ። የደባርቅ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ያርጋልም አስተማሪው ምንኛ አዛኝ ሰው ነው እያለ ሄዶ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ ጀመረ። ሌሎቹ ሜዳውን በሶምሶማ ዞረው ሲመለሱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ነጠላውን እስከ አገጩ ድረስ ተሸፋፍኖ አገኙት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አገኘሁ።

«እየሞቅሁ ነዋ፣ መምህር።»

ሜዳው በሣቅ ተናጋ። ከሁሉም በላይ የሣቀው ላቀው ነበር፤ ሆዱን ይዞ ሣር ላይ ተንከባለለ። ላቀው የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ቅንድቡ ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አይጠፋም፣ የአውራጃው አንደኛ ሯጭ እሱ ነው። ከሣቁ ሲመለስ ግን ተነሥቶ የያርጋልን ነጠላ ተቀበለውና አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠለት። «ና፣ ዲያቆን፤ እኛ ቤት መሟሟቅ እየሮጡ ነው» አለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያርጋል ሁለተኛ ትምህርት ቤት ገባ፤ መምህሩ ላቀው ሆነ። የሯጮች ቋንቋ አማርኛ ይመስላል እንጂ አማርኛ አይደለም። «ኮንዲሽን ላይ ነኝ» የሚል ሰው በሽታ የያዘው መስሎት «እግዚአብሔር ይማርህ» አለ፤ ለካ ሰውየው ለሩጫ ብቁ ሆኛለሁ ማለቱ ነው። «እገሌ እገሌን ደረበው» ሲሉ ልብስ ያለበሰው መስሎት መረቀው፤ ለካ ሙሉ ዙር ቀድሞት ከኋላው ደርሶበት ነው። «እግር ያዝ» ማለት ትግል ሳይሆን ከፊትህ ያለው ሰው እግሩን ባነሣበት አንሥተህ፣ በጣለበት ጣል ማለት ነው። ዙሩ ከረረ ማለት ሩጫው እንደ ተጠመዘዘ ገመድ ጠበቀ፣ ፈጠነ ማለት ነው። ይህችኛዋን «ዙር» የምትባል ቃል ግን ለመልመድ ተቸገረ። አገኘሁ «ሦስተኛ ዙር!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ያርጋል የቀበሌው ጥሪ መስሎት ይበረግጋል።

ቃላቱን እንደ ቀለም ያዛቸው። ከየኔታ ዘንድ ተምሮ ሲወጣ በመንገድ ላይ ይደጋግማቸዋል፤ የዘነጋውን ወፍጮ ቤት ገብቶ፣ በሞተሩ ጩኸት መካከል ላቀውን ይጠይቃል። ላቀውም ጆሮው ላይ ጮኾ ይመልስለታል። ላቀው ከንፉግ ወገን አልነበረም። የሚያውቀውን ቃል አንዲት ሳያስቀር አውጥቶ ሰጠው፤ አሮጌ ሸራ ጫማውንም ሰጠው። ያርጋል በበኩሉ የቤተ ክርስቲያኑን ቃል አመጣላቸው። «እናንተ ሩጫ የምትሉት ማኅሌት ነው» አላቸው። «መጀመሪያ ቁም ነው፤ ረጋ ብላችሁ። ከዚያ ዝማሜ፤ እጃችሁ ይወዛወዛል። መጨረሻ ላይ ጽፋት ነው።» ቡድኑ ቃሉን ወደደው። በሁለት ወር ውስጥ ደባርቅ ሜዳ ላይ የመጨረሻው ጥድፊያ ሌላ ስም አልነበረውም፤ ሙስሊሙ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ እንኳ «ጽፋት ግባ!» እያለ ይጮኽ ጀመር።

አንድ ቀን በሊማሊሞ አፋፍ በኩል፣ ሁለቱ ብቻ እየሮጡ ሳለ ላቀው ቆም አለ። ከታች የዛሪማ ቆላ በጭጋግ ተሸፍኗል።

«ስማ ዲያቆን፤ እዚህች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በደንብ ያዛት። መምህሩ ከዳር ሆኖ ‹ልቀቅ› ካለህ በቃህ ማለት ነው። የያዝከውን ተው፣ ወደ ውጭ ውጣ፣ ሌላው ይለፍ። ‹ልቀቀው› ካለህ ግን እግርህን ልቀቀው ማለቱ ነው። ያለህን ሁሉ አውጣ፤ የተረፈህ ለነገ አይሆንህም።»

«በአንዲት ‹ው› ነው የሚለየው?»

«በአንዲት ‹ው›።»

«እኛም ዘንድ በአንዲት ፊደል ምስጋናው ስድብ የሚሆንበት አለ፣ አያ ላቀው» አለ ያርጋል። ከዚያ እስከ ከተማው በር ድረስ ላቀው እያፈራረቀ እየጮኸለት ሮጡ። «ልቀቅ!» ሲለው ይወጣል፤ «ልቀቀው!» ሲለው ይፈተለካል። ዐሥር ጊዜ ጮኸለት፤ ዐሥሩንም አልሳተ።

«ይቺንስ አትስታትም» አለ ላቀው ጀርባውን መታ አድርጎ።

ግንቦት ገባ። ምርጫው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው አገኘሁ ሁለቱን ጠርቶ ቢሮው አስቀመጣቸው። ጠረጴዛው ላይ የሩጫ ሰዓቱን አስቀምጦ ጉዳዩን ሳያሽሞነሙን ነገራቸው። ላቀው ልምድ አለው፣ ጎንደር ቢሄድ የአውራጃውን ስም ያስጠራል። ሜዳው ግን ነፋስ አለበት፤ ብቻውን ከሮጠ ሰዓቱ አይመጣለትም። ስለዚህ ያርጋል አሯሯጭ ይሆናል። እስከ ሃያኛው ዙር ድረስ ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየሰበረ ይጎትተዋል፤ ከዚያ ምልክት ሲሰጠው ይወጣል።

«አንተ ገና ልጅ ነህ» አለው ያርጋልን። «የሚመጣው ዓመት ያንተ ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ! የሚመጣው ዙር ጥሪ በሰኔ መሆኑን ከደባርቅ ሰው የማያውቅ የለም። የያርጋል ተረከዝ ከወንበሩ ሥር ይነሣል፣ ይወድቃል። «እሺ፣ መምህር» አለ።

ሲወጡ ላቀው እጁን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደው። ሚስቱ ስጦታ የሰባት ወር ወንድ ልጇን አዝላ ምሳ አቀረበች፤ ያርጋል ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ስጦታ ሁሉን ሰምታለች። «ላቀውን አንተ ነህ አሉ የምታደርስልኝ» አለችው፤ «እኔ ልከፍልህ አልችልም፤ የያዝከው ይባረክ።» ላቀው ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። የእሱም ስም እዚያው ዝርዝር ላይ ነው፤ ከያርጋል ስም በሁለት መስመር ከፍ ብሎ። ያርጋል ይህን ያውቃል፤ ላቀው ማወቁን ያውቃል። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም።

እሑድ ሜዳው ጢም አለ። መስመሩ በኖራ ተሠምሯል፣ መድረኩ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የአውራጃው ጓዶች በየማዕረጋቸው ተቀምጠዋል፤ ድምፅ ማጉያው መሬት ላይ በተቀመጠ ባትሪ ይሠራል። ሯጮቹ ዐሥራ አንድ ናቸው። አንደኛው ከአምባራስ የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ፊሽካው እንደተነፋ ተፈትልኮ ሦስት ዙር መራና ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ያርጋል ከሸሚዙ በላይ ምንም አልደረበም። መሪነቱን ተቀበለ። ላቀው ከኋላው እግር ያዘ፤ የሁለቱ ኮቴ እንደ አንድ ሰው ኮቴ ይሰማ ነበር።

እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ዙር ድረስ ያርጋል ሊለቅ ነበር ያሰበው። ይህን መናገር ተገቢ ነው፤ ሰው ላይ ከመፍረድ በፊት የልቡን መዘገብ ያሻል። ቃል ሰጥቷል፣ የሰው ቤት በልቷል፣ ሃያኛውን ዙር አድርሶ ሊወጣ ነበር። እንዲያውም ስድስተኛው ላይ ነፋሱ በደረቱ ሲገባ ለላቀው እየከለልኩለት ነው ብሎ ደስ ብሎታል። የዐሥራ ዘጠነኛውን ዙር ግማሽ ሲያልፍ ግን ከመድረኩ አንዱ ጓድ የድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ለሕዝቡ ንግግር ጀመረ። «በሚቀጥለው ዙር የአውራጃችን ወጣቶች ግዳጃቸውን...» የቀረውን ነፋስ ወሰደው። ያርጋል ለወራት የታገላት ቃል ሆዱ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። የሚቀጥለው ዙር! እናቱን በዐይነ ሕሊናው አያት፤ የሣጥኑን ክዳን ከፍታ። አሁን ጥቁሩን ልብስ አውጥታ መልሳ አልከተተችውም።

ሃያኛው ዙር ላይ አገኘሁ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ልቀቅ!»

ነፋሱ ይጮኻል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ መሳሳት ይችል ነበር። ያርጋል ግን ሰባ ሰው ከሚያመሰግንበት ማኅሌት መካከል አንዱ ድምፁን በፀጉር ያህል ሲስት ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ ነበረው። ልቀቅ። ‹ው› የላትም። ጥርት ብላ ነው የገባችው።

«ተባረክ ዲያቆን» አለ ከኋላው ላቀው፣ ትንፋሹን እየቈጠበ፤ «በቃህ፣ ውጣ።»

አልወጣም። ጽፋት ገባ። ሩጫ ማለት እስከዚያች ቀን ድረስ ለእሱ ደስታ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን እንደ ሌባ ነው የሮጠው። ላቀው መጀመሪያ ግራ ገብቶት ሁለት እርምጃ ጠበቀ፤ እነዚያ ሁለት እርምጃዎች በረከቱ። ሲነቃ ተከተለው፣ ዙሩን አከረረ፣ በሃያ ሦስተኛው ላይ ጥላው ከያርጋል ጥላ ጋር ተነካካ። ያርጋል ዞር ብሎ ሳያይ እንደገና ፈጠነ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ላቀው ከኋላው በሠላሳ እርምጃ ርቆ ነበር፤ ሲጨርሱም በሠላሳ እርምጃ ርቆ ነበር።

ሕዝቡ ዲያቆኑን ተሸከመው። አገኘሁ ግን ፊሽካውን መሬት ላይ ጥሎ ረገጠው።

ወዲያው ሁለቱን ሯጮች ከነላባቸው ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ አስገቧቸው። የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ደረቅ ሰው ነው፤ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ ነገሩን ሰማ።

«አሠልጣኙ ልቀቅ ብሎህ ነበር?»

«ልቀቀው ያለኝ መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ» አለ ያርጋል። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ የገዛ ድምፁ እንዲህ መርጋቱ ራሱን አስደነገጠው።

«ይዋሻል! ቃሉን ያውቃል!» አለ አገኘሁ።

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አነሣ። «እንግዲህ ስሙኝ። ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ የዲሲፕሊን ጥሰት ነው፤ ውድድሩ ይሰረዛል፣ ቦታው ለሌላ አውራጃ ይሰጣል፤ ከዚህ ማንም አይሄድም። በስሕተት ከሆነ ውጤቱ ይጸናል። ቃሉን ለልጁ ያስተማረው ማን ነው?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ወደ ላቀው ዞሩ። ላቀው ላቡን በክንዱ ጠረገ። ያርጋል ከንፈሩን ከንፈሩን አየ።

«እኔ ነኝ የማስተምረው» አለ ላቀው። «ሌላውን ሁሉ አስተምሬዋለሁ። ይቺን ቃል ግን ሳላደርሰው ቀርቻለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰብሳቢው ሣቀ። «ዲያቆኑ ፀሐይ ሲሞቅ የተገኘው አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሣቁ፤ አገኘሁ ብቻ አልሣቀም። ወረቀቱ ተፈረመ። ማታውን ወሬው በከተማው ተዳረሰ፤ ቃሉ ሳይገባው አንደኛ የወጣው ዲያቆን ተብሎ እስከ ዳባት ገበያ ድረስ ተሣቀበት። ያርጋልም ሰው ፊት አብሮ ሣቀ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ነው።

የኔታ ብቻ አልሣቁም። ሊሰናበታቸው ሲሄድ መስቀላቸውን አሳለሙት። ከዚያም «አንዲት ‹ው› ጨመርክ አሉ» አሉት። «እኔ ዘንድ ሦስት ዓመት ስትማር ፊደል ጨምረህም ጥለህም አታውቅም።» ያርጋል መሬት ስሞ ወጣ።

በዚያች ፊርማ ጎንደር አምስት ዓመት ኖረ። ብዙ ቃል ተማረ፣ ብዙ ዙር ዞረ፤ ከአራተኛ በላይ ወጥቶ ግን አያውቅም። አንድ ካምፕ ውስጥ ስድስት ወር ሳይሞላው ሌላ ካምፕ ያምረዋል፤ እዚያም ሲደርስ የተወው ይሻለው ነበር። ላቀው ደግሞ በሰማንያ ሦስት፣ ሥርዓቱ ሲፈርስ፣ ከዘመተበት ቀኝ እግሩን እየጎተተ ደባርቅ ገባ። ሁለቱ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ስለ ዝናብና ስለ እህል ያወራሉ። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰኔ ነበረች።

የሰኔ ጥሪ በወጣ በሳምንቱ አራት ኦራል የጦር መኪኖች ገበያው ዳር ተደርድረው ቆሙ። ሲያካፋ ነው ያደረው፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። እናቶች ተሰልፈዋል፣ ዘመቻ የሚሄዱት ጭንቅላታቸውን ተላጭተው በየስማቸው ይጠራሉ። ያርጋል በማግሥቱ ወደ ጎንደር ሊሄድ ዕቃውን አስሮ ነበር፤ ጠዋቱን ሁሉ ከሜዳው እስከ ገበያው ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በአራተኛው ላቀውን ከመኪናው ጎማ አጠገብ ብቻውን አገኘው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አልነበረም፤ ፊቱ ሌላ ሰው መሰለ።

«አያ ላቀው፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

«ንገረኝ።»

«ሰምቼው ነበር። ልቀቅ ነው ያለው። ‹ው› አልነበረችውም።»

ላቀው አልደነገጠም። «አውቃለሁ» አለ። «ከኋላህ አልነበርኩም? ልቀቅ ሲል አንገትህ ቀጥ ሲል አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህልኝ?»

«ሰብሳቢው ያለውን ሰምተሃል። እውነቱን ብናገር ዛሬ ሁለታችንም እዚህ መኪና ላይ ነበርን።»

ያርጋል ወር ሙሉ ደረቱ ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር የተነሣለት መሰለው። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ የላቀውን እጅ ያዘና ለመሳም ጎንበስ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ላቀው። እንዲህ ይቅር ካልከኝማ...»

ላቀው እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀ።

«ይቺንም ቃል በደንብ ያዛት፣ ዲያቆን» አለው፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «አንዳችን እንኳ አገር ይቅር አልኩ እንጂ፣ አንተን ይቅር አላልኩህም።»

ስሙ ተጠራ። ላቀው የመኪናውን ብረት ይዞ ወጣና ከሌሎቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠ። ስጦታ ልጇን እንዳዘለች፣ ቆሎ የቋጠረችበትን ጨርቅ ይዛ በጭቃው ውስጥ እየሮጠች ደረሰች፤ ቋጠሮውን ወደ መኪናው ወርውራ ሰጠችው። በሁለቱ መካከል ምን እንደተባለ አልሰማችም። መኪኖቹ ወደ ዳባት አቅጣጫ ሲወርዱ ዕልልታና ልቅሶ ተቀላቀለ። ስጦታ የመኪኖቹ ድምፅ እስኪጠፋ ቆማ ቆየችና ዞር ስትል ያርጋልን አየችው፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አንተ እንኳ ቀረህልን» አለችው።

ያርጋል ልጁን ከጀርባዋ ተቀበላትና እስከ ቤቷ ድረስ ይዞላት ሄደ።